የደልጊ ፍም በባሕር ዳር ጋሪ

ጥቅምት 20 ቀን፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ እናቴና እኔ ከደልጊ ወጣን። የምሠራበት ሬዲዮ የደልጊውን ዘጋቢነት ዘግቶ ባሕር ዳር መደበኝ። የእናቴ ዓይን ደግሞ ክትትል ያስፈልገው ነበር። ወንድሜ አዳሙ ቤቱንና ጓሮውን ይዞ ቀረ። እናቴ ከመውጣቷ በፊት ምድጃው ላይ ጎንበስ ብላ ፍሙን በአመድ ዳፈነችና "ሲነጋ ገለጥ አድርገህ እፍ በለው፤ እንዳታጠፋው" አለችው። ክብሪት አለኝ ቢላት አልሰማችውም። በጨርቅ የቋጠረችውን የጎመን ዘር ጉያዋ ውስጥ ከተተችና በጨለማው ወደ ጀልባው ወረድን።

ኮንዝላ አድረን በማግስቱ ባሕር ዳር ስንቃረብ፣ ሐይቁ ዳር ላይ ነጭ ነገር ያብረቀርቃል። "ምን ዓይነት ወፍ ነው?" አለችኝ። የውሃ ፕላስቲክ ነበር። አጠገባችን የተቀመጠ ጎልማሳ የጨረሰውን ወርውሮ አንድ ጨመረበት።

"አንተ! የምትጠጣው ውሃ ላይ?"

"እማማ፣ እኔ የምጠጣው የታሸገውን ነው።"

ጀልባው ሙሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ፔዳ፣ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ፣ አንድ ክፍል አገኘን። አከራያችን ወይዘሮ አስካለ ከተማሪ ተከራይ ጋር ሲጨቃጨቁ የኖሩ ሴት ናቸው፤ በሩ ላይ አቁመው መረመሩኝ።

"ዶሮ አላችሁ?"

"የለንም።"

"ከገጠር የሚመላለስ እንግዳ?"

"ወንድም አለኝ፤ ግን ጀልባ ይፈራል።"

"ሥራሽ?"

"ዜና።"

"እንግዲያው ከዚህ ግቢ ዜና እንዳይወጣ።"

ደልጊ ያላችሁ፣ መጀመሪያ የሚከብደው ይህ ነው፦ እዚህ ቆሻሻ የሚባል ነገር አለ። እኛ ዘንድ ልጣጩ ለበግ፣ አመዱ ለጓሮ፣ እበቱ ለማሳ ነው። እዚህ ሁሉም በአንድ ማዳበሪያ ከረጢት ታጭቆ ደጅ ይወጣል። በሳምንት ሁለት ቀን የጽዳት ማኅበሩ ሴቶች ጋሪ እየገፉ፣ ፊሽካ እየነፉ ይመጣሉ። ጋሪው ሲሞላ መንገድ ዳር ባለው የብረት ገንዳ ይገለበጣል። ገንዳውን መኪና ከከተማ ውጭ ወዳለው መጣያ ይወስደዋል። እናቴ የሙዝና የድንች ልጣጭ ከፕላስቲክ ጋር አብሮ ሲሄድ ባየች ቁጥር ፊቷን ታዞር ነበር፤ ነዶ በእሳት ሲበላ ያየች ነው የምትመስለው።

ኅዳር 12፣ ኅዳር ሲታጠን፣ ሰፈሩ ሁሉ ጠርጎ አነደደ። ጭሱ የአገር ቤቱ ዓይነት ነውና እናቴ ከመጣን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ፈካ። ሲመሽ የተረፈውን ፍም ሰብስባ፣ እንደ ልማዷ፣ ግቢው ጥግ በአመድ ዳፈነችው። በማግስቱ ጠዋት ኪዳን ለማስደረስ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ፊሽካው ተሰማ። ወይዘሮ አስካለ ክምሩን አዩ፤ በአካፋ ዝቀው ከረጢት ውስጥ ጨመሩና ለጋሪው ሰጡ። ጋሪው መታጠፊያው ላይ ሳይደርስ ነደደ። የእንጨት ሳንቃው ተቃጠለ፤ ሙሉ የምትባለው ገፊም ነጠላዋ ተቃጠለ። ሰው አልተጎዳም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊሽካው በራችንን እያለፈ ይሄድ ጀመር። ከረጢቱ ተከመረ፤ ዝንቡ መጣ። ወይዘሮ አስካለ "እስከ እሁድ ጋሪው ደጄ ላይ ካልቆመ ክፍሉን ልቀቁ" አሉ። እናቴ በእግሯ ሐኪም ቤት የምትደርስበት ሌላ ክፍል ፈልጌ አላገኘሁም። እሷ ደግሞ ይህን ስትሰማ ጓዟን ታስር ጀመር። "እሳት ይዤ የገባሁ እኔ ነኝ። ደልጊ ልመለስ" አለች። ሕክምናዋ ገና አልተጋመሰም። እንደማልመልሳት ወሰንሁ።

እንደ ሙያዬ ከሥር ጀምሬ አጣራሁ። ማን ዳፈነ? እናቴ። ማን ዛቀ? ወይዘሮ አስካለን ጠየቅኋቸው። "አመድ አመድ ነው ብዬ…" አሉና ወደ ቤታቸው ገቡ። እናቴ ማታ ክፍላችን ውስጥ ክንዴን ያዘች፦ "በሰው ቤት ተቀምጦ ባለቤት ማሳፈር ነውር ነው።" ስለዚህ ያጣራሁትን ይዤ ዝም አልሁ።

የጽዳት ጉዳይ ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድሁ። የተቀመጠው ሰው በትሕትና አስረዳኝ።

"ማንሳት የማኅበሩ ሥራ ነው። ማኅበሩን ማነጋገር የቀበሌው ነው። ቀበሌው ደግሞ በደብዳቤ ካልጠየቀን አንገባም።"

"የእርስዎስ ሥራ?"

"እኔ አስተባባሪ ነኝ።"

አመስግኜ ወጣሁ። በማግስቱ እናቴን ይዤ ጋሪዎቹ ወደሚገለበጡበት ገንዳ ሄድን። ሙሉ የአንበሳሜ ገጠር ልጅ ናት፤ የማኅበሩ ሰብሳቢም እሷው ናት። አካፋዋን ተደግፋ አየችን።

"የእሳቱ ቤት እናንተ ናችሁ?"

"እኛ ነን" አለች እናቴ። "ልጄ፣ ገላሽን ነካሽ ወይ?"

"ነጠላዬን ነው፣ እማማ። እኔማ ዘልዬ አመለጥሁ።" ጓደኞቿ ሳቁ፤ እሷም ልትስቅ ነበር፣ ተወችው። "ግን እዚህ ገንዳ ውስጥ ቢገባስ? መጣያው ላይ ፕላስቲክ ለቅመው የሚያድሩ ሰዎች አሉ። እሳት ከሥር ሲሄድ ከላይ አይታይም።"

"እኛ አገር ፍም የሚዳፈን ለነገ ነው።"

"የእኔም እናት ትዳፍናለች። ለጋሪ ግን አትሰጥም!"

እናቴ ወደ ወይዘሮ አስካለ ጣቷን አልጠቆመችም። "ልክ ነሽ" አለች። "ከእንግዲህ የመንደሩ አመድ ለብቻው በጣሳ ይውጣ። ውሃ አርከፍክፌ፣ በእጄ ዳስሼ፣ የበረደውን አሳልፋለሁ። ዓይኔ ቢደክም እጄ አልደከመም።"

"የመንደሩን ሁሉ?"

"በር ላይ ተቀምጬ ምን ሥራ አለኝ?"

ሙሉ አካፋዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች። "ጋሪውማ ይጠገናል። የዘለልናችሁ ከእሳቱ ወዲህ እኔ ነኝ ብሎ የመጣ ሰው ስለጠፋ ነው። ቅዳሜ እናያለን።"

ዓርብ ማለዳ እናቴ በርጩማ አውጥታ በሩ ላይ ተቀመጠች። እኔ ቤት ለቤት እየዞርሁ አስረዳሁ። አንዱ ተማሪ "የአመድ ኢንስፔክተር መጡ!" እያለ ጣሳውን አመጣ፤ እናቴ በእጇ ጀርባ ነካ አድርጋ "እለፍ" አለችው፤ ሰላምታ ሰጥቶ አለፈ። ሌሎቹም እየሳቁ አመጡ። ወይዘሮ አስካለ ከሁሉ ኋላ መጡ።

"ገና ነው፣ እመቤት" አለቻቸው።

"የትናንት እኮ ነው!"

"ገና ነው።"

ወይዘሮ አስካለ ጣሳውን ወሰዱና ራሳቸው ውሃ አፈሰሱበት። ጣሳው ቸስ ብሎ ጮኸ።

ቅዳሜ ፊሽካው ከመታጠፊያው ተሰማ። ጋሪው አዲስ ሳንቃ ተመትቶለታል። ሙሉ በራችን ላይ ስትደርስ ቆመች። ከረጢቱን ከማንሳቷ በፊት ወይዘሮ አስካለ ወጡ።

"ያን ቀን የዛቅሁት እኔ ነኝ" አሏት። ወደ እኔ ጠቆሙ። "ይቺ ዜና ሳታደርገው ልናገር ብዬ ነው።"

"አላደርገውም ነበር፣ እትዬ።"

"አውቃለሁ። ለዚያ ነው የከበደኝ።"

ሙሉ ሳቋን አልያዘችም። ከረጢቶቹን ሁሉ ጫኑ። ስለ እሁድ ያነሳ የለም። የበረደው አመድ አሁን ከግቢው ጀርባ ወዳለው መሬት ይሄዳል፤ እናቴ ልጣጩን ከላዩ እያደረገች በእንጨት ታገላብጠዋለች። ባሕር ዳር የመጣችሁ የአገሬ ልጆች፣ አከራያችሁን ጠይቁ፤ ለአመድና ለልጣጭ አንድ ጥግ አይከለክሏችሁም።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አዳሙ ደወለ።

"እሳቱ አለ?" አለችው።

"አለ፣ እማ።"

"አልጠፋም?"

"አልጠፋም አልሁሽ። ዓይንሽስ?"

"ደህና ነው ይላሉ። ገና ይቀረኛል።"

"ጎመኑን እዚያው ልትዘሪው ነው? ወይስ ይዘሽው ትመለሻለሽ?"

እናቴ ስልኩን ከጆሮዋ ትንሽ አራቀች፤ መልሳ አስጠጋች። "አፈሩን እያየሁት ነው" አለችው።

ዛሬ ጠዋት አልጋዋን ሳነጥፍ አየሁት። የዘሩ ቋጠሮ ከትራሷ ሥር ነው፤ አልተፈታም።