ማየት ይቻላል፣ መንካት አይቻልም

እናቴ የያዘችውን ሳትጨርስ መልስ አትሰጥም። ሽንኩርት እየከተፈች ከሆነ መጀመሪያ ሽንኩርቱ ያልቃል፣ ቢላዋው ይታጠባል፣ እጇ በቀሚሷ ይደርቃል፤ «ምን አልሽኝ?» የምትለው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ጠይቄ፣ ትንሽ ጠብቄ፣ ተቆጥቼ እወጣለሁ። ስለዚህ ኮምፒውተር ተምሬ ወደ ጭሮ ስመለስ፣ ልሂድ ወይስ ልቅር የሚለውን ጉዳይ አንድ ቀን እንኳ በቅጡ ተነጋግረንበት አናውቅም።

መሄድ የተባለው አዲስ አበባ ነው። ታላቅ ወንድሜ እዚያ ባንክ ውስጥ ሥራ አግኝቶልኛል። እናቴ ወሬውን ለጎረቤቱም፣ ለጸሎት ኅብረቷም፣ ለአትክልት ነጋዴዋም አዳርሳለች፦ «ልጄ ባንክ ልትገባ ነው።» ትልቁ ሻንጣ ከቁም ሳጥን ላይ ወርዶ ከበሩ ጀርባ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። እኔ ግን መሄድ አልፈልግም። ምክንያት አትጠይቁኝ፤ አገሬ ነው። በአማርኛ ተጀምሮ በኦሮምኛ የሚያልቅ ወሬ የምሰማበት ሌላ ከተማ የት አገኛለሁ?

ለመቅረት የነበረኝ ተስፋ አንድ ብቻ ነበር፤ የባጃጅ ማኅበሩ። ባለባጃጆቹ የኮንትራት ጥሪ የሚከፋፈሉት በጩኸት ነበር፤ ጮክ ብሎ የጮኸ ተራው የእሱ ይሆናል። እኔ ፕሮግራም ሠራሁላቸው። ተሳፋሪው ያለበትን ቦታ ጽፎ ወደ አንድ ቁጥር መልእክት ይልካል፤ ተራ ለደረሰው ሹፌር ጥሪው በስልኩ ይደርሰዋል። ጥሪ ደርሶት ያልሄደ ተራው ይቃጠላል። የአንድ ወር ሙከራ ሰጡኝ። በወሩ መጨረሻ፣ እሑድ ከሰዓት፣ ጠቅላላ ጉባኤው እጅ ያወጣል። ከተቀበሉት ይቀጥሩኛል፤ ካልተቀበሉት ሰኞ ጠዋት አውቶቡስ ላይ ነኝ።

ፕሮግራሙን የጻፍኩት ኧርላንግ በሚባል ለስልክ ማዞሪያ በተፈጠረ ቋንቋ ነው። በዚህ ቋንቋ አንድ ትልቅ አዛዥ የለም፤ ብዙ ትናንሽ ሠራተኞች አሉ። እያንዳንዱ የራሱ ልብ፣ የራሱም የመልእክት ሳጥን አለው። አንዱ የሌላውን ልብ ገልጦ ማየት አይችልም፤ መልእክት ልኮ መልስ ይጠብቃል እንጂ። የባጃጆቹን ተራ የያዘው ከእነዚህ ሠራተኞች አንዱ ነው። ተራ ያዡ እለዋለሁ። ማን ከማን እንደሚቀድም የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ ሌላ ቦታ አልተጻፈም።

ከቋንቋው ጋር ጄን ሰርቨር የሚባል የተዘጋጀ ቅርጽ አለ። በዚያ ቅርጽ የተሠራ ሠራተኛ ሁሉ፣ ሠሪው ምንም ሳይጨምርለት፣ የጓሮ በር ይዞ ይወለዳል። በዚያ በር አንኳኩታችሁ «ልብህ ውስጥ ያለውን አሳየኝ» ብትሉት ያሳያችኋል። «ቁም» ብትሉት ይቆማል፣ «ቀጥል» ብትሉት ይቀጥላል። ሲቆም ታዲያ ጆሮውን አይደፍንም፤ የሚመጣው መልእክት ሁሉ ሳጥኑ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ቀጥል የተባለ ዕለት አንድ በአንድ ይሠራዋል። ካስፈለገም ልቡን አውጥታችሁ ሌላ ትተኩለታላችሁ፤ እሱ አይታወቀውም። ለዚህ ሁሉ መልስ የሚሰጠው ግን በእጁ ያለውን ሥራ ሲጨርስ ነው። ካልጨረሰ ጠያቂው አምስት ሰከንድ ጠብቆ ተስፋ ቆርጦ ይመለሳል። ይህን መጀመሪያ ሳነብ እናቴንና እኔን የሚያውቅ ሰው የጻፈው መስሎኝ ነበር።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ነጭ ጢም ያላቸው፣ ከምሳ በኋላ ጫታቸውን ይዘው ቢሮ የሚቀመጡ ሽማግሌ ናቸው። የመጀመሪያው ቀን አጠገባቸው ተቀምጬ በኩራት አስረዳኋቸው። ማየቱን ስነግራቸው «ማሻአላህ» አሉ። ማቆሙን ስነግራቸው «ጥሩ፣ ጥሩ» አሉ። መተካቱ ላይ ስደርስ የያዙትን ቅጠል መልሰው አስቀመጡት።

«ማለት፣ እሱ ሳያውቅ ልቡን ትቀይሪበታለሽ?»

«አዎ።»

«አንደኛ የነበረውን መጨረሻ፣ መጨረሻ የነበረውን አንደኛ?»

«ከፈለግኩ።»

«አስተግፊሩላህ! ስሚ ኢንተሎ፤» ኢንተሎ በኦሮምኛ አንቺ ልጅ ማለት ነው፤ ሲወዱኝም ሲቆጡኝም የሚጠሩኝ በዚሁ ነው፤ «ማየት፣ እሺ። ማቆም፣ እሺ። መንካት ግን ወላሂ ሐራም ነው። አንድ ቀን ነካሽ ማለት ማኅበር የለም፣ ዱላ ነው ያለው።»

ቃል ገባሁ። ወሬው ግን እኔ ከቢሮው ሳልወጣ ቀድሞኝ ወጣ። በማግስቱ ሹፌሮቹ ቢሮው በር ላይ ተሰለፉ። በጭሮ ባጃጅ የሚታወቀው በታርጋው ሳይሆን ከኋላው በተጻፈበት ነው፤ ሹፌሩም የሚጠራው በዚያው ነው። «ማሻአላህ» መጣ፣ «ጌታ ያውቃል» መጣ። ከሁሉ የበረታው ግን «ትዕግሥት» ነበር። ከባጃጁ ኋላ በቀይ ቀለም ትዕግሥት ብሎ ያስጻፈ፣ በከተማው እንደ እሱ ችኩል ያልተወለደ ሰው ነው። በየጠዋቱ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ ይገባል።

«እኅቴ፣ የልቡን አሳዪኝ።»

አሳየዋለሁ። ዘጠነኛ ነው።

«ትንሽ ገፋ አድርጊኝ። ሚስቴን ሆዷን እያመማት ነው።»

«ትናንት ምጥ ነው ብለኸኝ ነበር።»

«ሆድ አይደለም እንዴ ምጥ?»

አልነካሁም። ለማንም አልነካሁም።

የመጀመሪያው ዓርብ ላይ ችግር መጣ። በጁምዓ ሰላት ሰዓት ሙስሊሞቹ ሹፌሮች መስጊድ ገብተው ስልካቸውን ዘጉ። ተራ ያዡ ስለ ጁምዓ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ጥሪ ላከባቸው፣ ተራቸው ተቃጠለ። ሰግደው ሲወጡ «ጌታ ያውቃል» ከተማውን ብቻውን እየዞረ ነበር። ሊቀመንበሩ ወሰኑ፦ ማሽኑም ለጁምዓ ይቁም። እኔም በየዓርቡ ከአዛኑ በፊት አቆመዋለሁ፣ ሰዉ ከመስጊድ ሲወጣ አስቀጥለዋለሁ። ክርስቲያኖቹ ዝም አላሉም፤ ለእሑድ ጠዋትስ? እሑድም ቆመ። የሹፌር ዘመድ ሲሞት ለቀብር ቆመ። በሦስተኛው ሳምንት ላይ በከተማው እንደዚያ ማሽን አምልኮና ለቅሶ የማያጓድል ሰው አልነበረም።

ጉባኤው የሚደረግበት እሑድ ደረሰ። ጠዋት ስነሣ ሻንጣው ከበሩ ጀርባ የለም። እናቴ ልብሴን ከትታ ያዘጋጀችው መሰለኝ። አልጠየቅኳትም፤ ጸጉሯን እየሠራች ነበር።

ተራ ያዡን አቁሜ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። እሷ እንደ ልማዷ ከፊት፣ እኔ ኔትወርክ ካለበት ከኋላ ተቀመጥን። ስልኬ ከቢሮው ኮምፒውተር ጋር ተገናኝቷል፤ አምልኮው ሲያልቅ ተራ ያዡን ከዚያው ከመቀመጫዬ ላስቀጥለው ነው። ያ ቀን ግን ሊሰብክ እንግዳ አገልጋይ መጥቶ ነበር። እንግዳ አገልጋይ ደግሞ ሰዓት አያይም። ሦስት ጊዜ «ልጨርስ ነው» አለ፤ ሦስቱንም ጊዜ እንደ አዲስ ጀመረ። የሊቀመንበሩ መልእክት ስልኬ ላይ መጣ።

«ኢንተሎ፣ አላለቀም?»

«እንግዳ አገልጋይ ነው» ብዬ መለስኩ።

«የእኛ ኢማም እንዲህ ቢያረዝም ሰዉ ጫማውን አንሥቶ ይወጣ ነበር።»

ቀና ስል ከፊቴ ያሉት ምእመናን በመጽሐፍ ቅዱሳቸው መሐል ስልክ ደብቀው ይጽፋሉ። መጀመሪያ ማስታወሻ የሚይዙ መስለውኝ ተደንቄ ነበር። በጓሮው በር ገብቼ የተራ ያዡን የመልእክት ሳጥን ሳይ ግን ደነገጥኩ። ሕዝቡ ስብከቱ እንዳለቀ ወደ ቤት የሚወስደው ባጃጅ እየጠራ ነው። መልስ ስላልመጣለት ደግሞ ደጋግሞ ይልካል። ሳጥኑ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል፤ ሁሉም የሚለው አንድ ነገር ነው፦ «ቸርች በር»፣ «ቸርች በር»፣ «ቸርች በር ቶሎ»።

የሚሆነው ገባኝ። «ቀጥል» ያልኩት ቅጽበት ሁሉንም አንድ በአንድ ይሠራዋል፣ የጭሮ ባጃጅ በሙሉ በዚህ በር ላይ ይወርዳል። መፍትሔው እጄ ላይ ነበር። ልቡን ወደ ጎን ቀድቼ፣ ተራ ያዡን ከነሳጥኑ ብገድለው በምትኩ ባዶ ልብ ያለው ሌላ ይነሣል። ለአዲሱ ያንኑ የድሮውን ልብ ብተካለት መልእክቱ ይጠፋል፣ ተራው ይተርፋል። ማንም አያውቅም። ግን ነካሁ ማለት ነው። ለሊቀመንበሩ እንዳለ ጽፌ ጠየቅኳቸው።

«መግደል?» አሉ መጀመሪያ። ቆየት ብለው ደግሞ፦ «መንካት የለም ብለናል። የመጣው ይምጣ፣ ክፈቺው።»

ሰኞ ጠዋት አውቶቡስ ላይ ራሴን አየሁት። «ቀጥል» የሚለውን ትእዛዝ ጻፍኩ። ተራ ያዡ «ኦኬ» አለኝ።

እንግዳው አገልጋይ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እጁን ወደ በሩ ዘርግቶ ይጸልያል። «ጌታ ሆይ፣ ይህችን ከተማ ወደዚህ በር አምጣት! ዛሬ አምጣት!» አንድ ጡሩምባ ተሰማ። ቀጥሎ ሌላ። ከዚያ የጡሩምባው ብዛት መዘምራኑን ዝም አሰኘ። በበሩ በኩል «ማሻአላህ» ብቅ አለ፣ ከኋላው «አልሐምዱሊላህ»፣ ከኋላው «ትዕግሥት»፣ ከዚያ ሰማያዊው ባጃጅ ሁሉ ተከታትሎ መንገዱን ሞላው። አገልጋዩ ዓይኑን ገለጠ። የለመነውን ያህል የጠበቀ አይመስለኝም። አንዲት እናት ከፊት ረድፍ ተነሥተው እልል አሉ። ሦስት ጊዜ የላከ ሰው ሦስት ባጃጅ መጣለት፤ ሹፌሮቹ «የእኔ ነው፣ የእኔ ነው» እያሉ ሽማግሌዎችን በክንዳቸው ይጎትታሉ። እናቴ አንገቷን አዙራ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል እኔን ፈልጋ አገኘችኝ። አስተያየቷ የሚያስቅ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ የማኅበሩ ግቢ ስደርስ ሁሉም ተቀምጧል። መሬቱ ላይ የጫት ገራባ፣ ፊታቸው ላይ ቁጣ። መጀመሪያ የተነሣው ማን እንደሆነ መገመት አያቅታችሁም።

«እኔ» አለ «ትዕግሥት»፣ «ሙስሊም ነኝ። ዛሬ በአንድ ቀን ሦስቴ ቸርች ሄጃለሁ። ሰፈሩ ሁሉ አይቶኛል። አማቴ ደውለው ምን ሆነሃል ብለውኛል። ምን ልበላቸው? ማሽን ላከኝ ልበል?»

ሳቅ ሆነ፤ እኔ ግን አልሳቅኩም። ሊቀመንበሩ እጃቸውን አነሡ።

«ተራህ ተነክቷል?»

«እ?»

«ተራህ፣ ተራህ። የልቡን አሳዪው ኢንተሎ።»

ኮምፒውተሩን አዞርኩለት። ጎንበስ ብሎ አየ። ከፊቱ «ማሻአላህ»፣ ከኋላው «ጌታ ያውቃል»፤ ጠዋት እንደነበረው። ዙሩ ዞሮ ዞሮ ማንም ማንንም አልቀደመም። ሌሎቹም ተነሥተው በትከሻው ላይ እየተንጠላጠሉ የየራሳቸውን ፈለጉ።

«ይቺ ልጅ» አሉ ሊቀመንበሩ፣ «ዛሬ ነክታው ጉዷን መሸፈን ትችል ነበር። በእጇ ነበር። እኔን ጠየቀች፣ እንቢ አልኳት፣ አልነካችም። ጩኸት ይመለስ የምትሉ እጅ አውጡ።»

«ትዕግሥት» ዙሪያውን አየ። «ጩኸትማ ጉሮሮዬን ጨርሶታል» ብሎ ተቀመጠ። እጅ ያወጣ አልነበረም።

ወደ ቤት በሩጫ ሄድኩ። እናቴ ማድ ቤት ምስር እየለቀመች ነው።

«እማዬ፣ ተቀበሉኝ። ቀጠሩኝ።»

ምስሩን ትለቅማለች።

«ባንኩን ግን ለሰው ሁሉ ተናግረሻል። እውነቱን ንገሪኝ፤ በልብሽ ያለው ምንድን ነው? ልሂድ ወይስ ልቅር?»

ጠጠር አወጣች፣ ጣለች። አምስት ሰከንድ አለፈ። እግሬ ወደ በሩ ሊሄድ ብሎ ነበር፤ ዱካ ስቤ ተቀመጥኩ። ምስሩ አለቀ። ሰፌዱን አራገፈች፣ ተነሣች፣ እጇን ታጠበች፣ በቀሚሷ አደረቀች።

«ምን አልሽኝ?»

«ልሂድ ወይስ ልቅር?»

«በምን ትሄጃለሽ?» አለችኝ። «ሻንጣውን እኮ ትናንት ለጎረቤት አውሼዋለሁ።»