የጲላጦስ ሚስት

ዘንድሮም በሕማማት ሳምንት፣ በምንኖርበት በዚህ በሰው አገር ከተማ፣ ቡኮቶ ሰፈር መንገድ ዳር እንቁላል ትኩስ ብረት ላይ ቸስ ሲል ሸተተኝና እግሬ በራሱ ፈጠነ። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ምን ቀረኝ፤ ይኼ እንቁላሉ በቻፓቲ ቂጣ የሚጠቀለልበት፣ ሮሌክስ የሚሉት ነገር ግን ዛሬም እንደ ሌባ ያስሮጠኛል።

አሥር ዓመቴ ነበር። በሰንበት ትምህርት ቤታችን ለስቅለት የሚቀርብ ድራማ ስናጠና፣ በአዘቦት ቀን ቡጎሎቢ ሱቃቸው ውስጥ ስኳር የሚመዝኑት አስተማሪያችን ጋሼ ደስታ፣ የዛሬን አያድርገውና ድምፄ ጣሪያ የሚያነሳ ስለነበር «ስቀለው!» የሚለው ሕዝብ አለቃ አደረጉኝ። ጓደኛዬ ዙፋን ደግሞ የጲላጦስ ሚስት ሆነች፤ ባሏን በዚያ ጻድቅ ሰው ላይ እጅህን አታንሳ ብላ የምትለምን፣ ያቺን አንዲት ልመና ብቻ ያላት፣ ግን ጥለት ያለው ነጭ ነጠላ የምትለብስ። እኔ በቅናት አረርኩ።

አንድ ቀን ከልምምድ በፊት ሆዴ አላስችል አለኝና፣ ጾሙን እያወቅሁ ሮሌክስ ገዛሁ። ሁለቴ እንደገመጥኩ የጋሼ ደስታን መኪና ሳይ ዙፋን እጅ ላይ ወሸቅሁትና «ያዥልኝ፣ መጣሁ» ብዬ ሽንት ቤት ገባሁ። ስመለስ ልጆቹ ከበዋታል። «በሕማማት እንቁላል! ኧረ ጉድ!» አለች አንዷ፤ ሌላው ተቀበላት፤ ወዲያው «ትውጣ! ትውጣ!» ሆነ። ጋሼ ደስታ «የማን ነው?» ሲሏት ዙፋን እኔን አየችኝ እንጂ አልተናገረችም። እሳቸውም እሷ እንዳልበላች የገባቸው ይመስለኛል፤ ነገር ግን ጩኸቱ ሲብስ፣ እናቶችም ከአዳራሹ ብቅ ብቅ ሲሉ፣ «እሺ፣ እሺ፣ ትውጣ፤ ብቻ ዝም በሉ» አሉ። ከሁሉም በላይ የሚሰማው ድምፅ የኔ ነበር፤ አለቃ አይደለሁ?

ነጠላውም ቃሉም ለኔ ተሰጠኝ። በስቅለት ዕለት፣ ምእመኑ ሲሰግድ ውሎ አረፍ ባለበት ሰዓት፣ ወጥቼ ስለ ጻድቁ ስለምን እናቶች አለቀሱ። ዙፋን ከዚያ ወዲያ ሰንበት ትምህርት ቤት አልመጣችም። እኔም ንስሐ ገባሁ፣ ሰገድኩ፣ ምን ያላደረግሁት አለ፤ አልወጣልኝም።

አምና በዚሁ ሳምንት ኪዋቱሌ ታክሲ ስጠብቅ አገኘኋት። ሕማማት ነውና አልተሳሳምንም፤ ተመስገን፣ በምን ጉንጬ! «ዙፋን፣ ያ ሮሌክስ...» ብዬ ስጀምር፣ የተንሸራተተ ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ መለስ አደረገችልኝ።

«ተዪው እህቴ» አለችኝ። «የስቅለት ዕለት ከኋላ ቆሜ ሰምቼሻለሁ። ቃሌን አሳምረሽ ነው ያልሽልኝ።»

ታክሲዋ መጣና ገባች። እኔም «የኔ ነበር» ሳልል ቀረሁ።