የሳቫሪ የቅድሚያ ማመልከቻ

ሳቫሪ የሰው ደህና መሆን የሚያንገበግበው ሰው ነበር። ሌላ ክፋት አልነበረበትም፤ ይቺው ብቻ ናት። በሕንድ የቱቲኮሪን ወደብ በር ሃያ ስድስት ዓመት ትራንዚተር ሆኖ ሲሠራ፣ ከግድግዳው ማዶ ያለው የሙያ ጓደኛው ኢሳኪ በዕለቱ ስንት ኮንቴይነር እንዳስወጣ ሳያጣራ ቢሮውን ዘግቶ አያውቅም። የትራንዚተርነት ፈቃዱን ፈተና አብረው ነበር ያጠኑት። ኢሳኪ በመጀመሪያው ሙከራ አለፈ፣ ሳቫሪ በሦስተኛው። ኢሳኪ ይህን ከረሳው ቆይቷል።

ጥፋታቸውም አንድ ነበር። አንድ ላኪ ነኝ ባይ ወረቀቱን አሟልቶ መጣና ሁለቱም በየተራ አስተናገዱት። ደንቡ የደንበኛን አድራሻ ሄዶ ማየት ያዛል። ሳቫሪ ኢሳኪ አይቶት ይሆናል አለ፣ ኢሳኪም ሳቫሪ አይቶት ይሆናል አለ። አድራሻው ላይ የተገኘው ሰው የሌለበት የጨው መጋዘን ሆነ። ጉምሩክ የሁለቱንም ፈቃድ ባንድ ቀን አገደ፤ በዘጠና ቀን ውስጥም የክስ ደብዳቤ ይደርሳችኋል ተባሉ።

የሳቫሪ ጠበቃ ቫሳንታ በዕድሜ ልጁ የምትሆን ሴት ናት። “ጋሼ ሳቫሪ፣ አርፈው ይቀመጡ። እባክዎ ወደዚያ ቢሮ ዝር እንዳይሉ” አለችው በስልክ። እሱም ለምን ብሎ ሳይጠይቃት ዘጋው።

ሳቫሪ በሰማንያ አምስተኛው ቀን ኢሳኪ ከጉምሩክ ሕንጻ እየሳቀ ሲወጣ አየው። ሰውዬው ጡረታ የወጣ ሹም ሲሸኝ፣ ጣፋጭ ሲበላ ነበር እንጂ ሌላ ጉዳይ አልነበረውም። ሳቫሪ ግን ደሙ ፈላ። ፋይሉን አስነስቶ፣ ቀድሞኝ ፈቃዱን አስመልሶ ደንበኞቼን ሊጠራርጋቸው ነው አለ። ምሳውን እንኳ ሳይቀምስ፣ ጉዳዬ ቶሎ እንዲያልቅ የክስ ደብዳቤዬ ይውጣልኝ የሚል ማመልከቻ ጻፈ። በማግስቱም በሠልስቱም ሄዶ የጉምሩኩ ጸሐፊ ጠረጴዛ ፊት ተገተረ። ጸሐፊው ቢቸግረው በሰማንያ ዘጠነኛው ቀን የክስ ደብዳቤውን አስፈርሞ ሰጠው። ሳቫሪ ኢሳኪን ቀደምኩት ብሎ ደስ እያለው ቤቱ ገባ።

የኢሳኪ ደብዳቤ የወጣው በዘጠና ሰባተኛው ቀን ነው። ቼናይ ያለው ይግባኝ ሰሚ ችሎትም ጉምሩክ የዘጠና ቀኑን ገደብ አሳልፏል ብሎ እገዳውን አነሳለት። የሳቫሪ ደንበኞች አንድ በአንድ ወደ ግድግዳው ማዶ ሄዱ። ለሚስቱ “ጉቦ ሰጥቶ ነው” አላት፤ እያለም ራሱ አመነው። ፈቃዱ ካልተመለሰ በሃምሳ አንድ ዓመቱ ከሥራ ውጭ መሆኑ ነው፤ እሱን ያሳረረው ግን የኢሳኪ መመለስ ነበር።

የእሱ ይግባኝ በተሰማ ዕለት ኢሳኪ ሳይጠራ አብሮት ቼናይ ሄደ። በባቡር ውስጥ አይዞህ ሲለው ዋለ፤ ችሎት ሲገቡም ከኋላው ተቀመጠ። ኢሳኪን ያዳነው የቀን ክርክር ለቫሳንታ አይሠራላትም ነበር።

ዳኛው ፋይሉን ገለጡ። “ደብዳቤው በጊዜው ነው የወጣው። ያውም ባለጉዳዩ ራሳቸው ወትውተው ነው ያስወጡት” አሉና ማመልከቻውን አነበቡት። “ደብዳቤዬ ከኢሳኪ በፊት እንዲወጣልኝ በትሕትና እለምናለሁ።”

ይግባኙ ውድቅ ሆነ። ሳቫሪ ወደ ኋላ ለመዞር አልደፈረም።

ደረጃው ላይ ኢሳኪ ደረሰበት። “ስሜን ለምን ጻፍከው ወንድሜ?”

“ትቀድመኛለህ ብዬ ነዋ።”

“ቀደምከኝ እኮ” አለው ኢሳኪ። ሲለው አልሳቀም፤ ሳቫሪ ግን ቢስቅበት ይመርጥ ነበር።