ከምድር ቤት የተጠራሁበት ቀን

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ሂክማ ወልዳ፣ አራስ ልጠይቅ ስቶክሆልም ዳር፣ ሻርሆልመን ሄጄ ነበር። ቤቱ በሴት ሞልቶ ገንፎው ይታደላል፣ ወሬው ደርቷል። ታዲያ አንዲት እንግዳ ከመስኮቱ በላይ ያለችውን የአየር ማስገቢያ ቀና ብላ አየችና፣ «ውይ፣ አራሷ አናት ላይ ንፋስ!» ብላ የአንገት ልብሷን ጠቅልላ ልትወትፋት ተነሳች። እኔ ጉልበቴን የሚያመኝ ሴትዮ ከሶፋው እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። «ተይው! ኧረ በአላህ ተይው!» ብዬ እጇን ያዝኩ። ሂክማ አማርኛ ትሰማለች እንጂ መልሷ ሁሌም በስዊድንኛ ነው፤ «ሞስተር፣ ምን ሆነሽ ነው?» አለችኝ። ሞስተር የእናት እህት ማለት ነው። «እርጅና ነው፣ ልጄ» ብዬ ሳቅሁና ተቀመጥኩ።

ያኔ እህቴ ከድጃ ይቺኑ ሂክማን ስትወልድ እኔ ገና ያላገባሁ ወጣት ነበርኩ። የምንኖረው ኡፕላንድስ ቬስቢ፣ ከባቡር ጣቢያው ራቅ ያለ፣ ፎቅ የሌለው አሮጌ የእንጨት ቤት ተከራይተን ነው። ባሏ የጭነት መኪና ይዞ ወደ ሰሜን ወጥቶ ነበር። አራሷን የምናርሳት እኔና ከደሴ የመጡት የአባታችን እህት፣ አክስቴ ዘሀራ ነበርን። ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ በረዶው እስከ ጉልበት፣ ፀሐይ የምትባለው ለይስሙላ ብቅ ትልና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጨለማ ነው። አክስቴ ይህን ባዩ ቁጥር፣ «አላህ የረሳው አገር» ይሉ ነበር፤ ወዲያው ደግሞ «አስተግፊሩላህ» ብለው ቃላቸውን ይመልሳሉ።

ስቶክሆልም አካባቢ አብዛኛው ቤት ከሩቅ በቧንቧ በሚመጣ ሙቅ ውሃ ነው የሚሞቀው። የኛ ግን ጓሮው ውስጥ የጋዝ ታንክ፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ደግሞ የሚያጓራ ሽማግሌ ቦይለር ነበረው። ሲበራ «ቡፍ!» ይልና ውሃውን አሙቆ በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ወዳሉት የብረት ማሞቂያዎች፣ ኤለመንት ወደምንላቸው፣ ይልካል። እኔ ከዱሮም ፈሪ ነኝ፣ አልደብቅም፤ ያንን ምድር ቤት አልወደውም ነበር።

አክስቴ በሰላም ገብተው ሻንጣቸውን እንኳን ሳይፈቱ የመጀመሪያ ሥራቸው ንፋስ ማደን ሆነ። አራስ ንፋስ ከመታት አለቀላት፣ በቃ። የበሩን ሥር በፎጣ፣ የቁልፉን ቀዳዳ በጥጥ ደፈኑ። ምድር ቤትም ወረዱና ከቦይለሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ መዳፍ የምታክል፣ ወንፊት ያላት ቀዳዳ አገኙ። «የትኛው ሰነፍ ነው ይህን ክፍት የተወው! ስታፏጭ አትሰሙም?» ብለው የሱፍ ሻርፓቸውን አጣጥፈው ጥርቅም አድርገው ወተፏት። ፉጨቷም ቆመች፣ ቤቱም ሞቀ፣ እኛም መረቅናቸው።

ከዚያ በኋላ ቦይለሩ አመል አወጣ። አከራያችን ሽማግሌ ስዊድናዊ ነው፤ ስልክ ደወልኩለት። «ቢጫው የጋዝ መክፈቻ ከቧንቧው ጋር ቀጥ ብሏል?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። «እንግዲያው ቀዩን ቁልፍ ተጫኚና አዳምጪ።» ተጫንኩ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ… ከዚያ ዝም። እንደገና ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ… «ቡፍ!» በራ። እልል ብዬ ወጣሁ። ግን ብዙም ሳይቆይ ጠፋ። ጋዙን የምትረጨዋን የብረት ጫፍ በጨርቅ ጠረግኳት፤ በራ፣ ጠፋ። አከራዩ ጠጋኝ የሚመጣው ከሰንበት በኋላ ነው አለ። እስከዚያ ድረስ የቦይለር መካኒክ እኔ ሆንኩ።

ያ «ጠቅ፣ ጠቅ» አንዳንዴ እኔ ሳልነካው ብቻውን ይጀምራል። ወጥ ቤት ቆሜ የአጃ አጥሚት እያማሰልኩ ከእግሬ ሥር፣ ከወለሉ በታች፣ ሰው በጥፍሩ በር የሚያንኳኳ ይመስለኛል። ሁላችንንም ራሳችንን አመመን። «የእንቅልፍ ማጣት ነው» ተባባልን። አንድ ከሰዓት አክስቴ ቀና ብለው፣ «ከላይ ማነው የሚሄደው?» አሉ። ፎቅ የለንም፤ ከላይ ያለው ጣሪያና በረዶ ነው። ዝም ብዬ ሳዳምጥ፣ ወላሂ፣ እኔም ሰማሁ። በካልሲ የሚራመድ ሰው ነበር።

በማግስቱ ከድጃ ጡት እያጠባች፣ «ያቺ ሴትዮ ለምን አትቀመጥም?» አለችኝ።

«የቷ ሴትዮ?»

«እግርጌዬ የቆመችው።»

አክስቴ ከቁርኣን አየተል ኩርሲን እየቀሩ ቢላዋ ከትራሷ ሥር አደረጉ፤ ከዚያ መስኮቶቹን በብርድ ልብስ ጋረዷቸው። በፈራን ቁጥር ቤቱን ይበልጥ እንዘጋዋለን። ከድጃ ቀኑን ሙሉ ታንቀላፋለች፤ ሕፃኗም ለቅሶዋ እየቀነሰ ሄደ። «ሐኪም ቤት እንውሰዳቸው» ብል አክስቴ ተቆጡ። «አርባ ቀን ያልሞላት አራስ በዚህ በረዶ? እናቷ ብትኖር ይህን ትይ ነበር?» እናታችንን ሲያነሱብኝ አፌን ያዝኩ።

ከሰንበቱ በፊት በነበረው ቀን፣ ገና ከሰዓት፣ ውጪው መጨለም ሲጀምር፣ ኤለመንቶቹ እንደገና ቀዘቀዙ። ወረድኩ። ቀዩን ተጫንኩ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። በትንሿ መስታወት ሳይ እሳቱ መጣ፤ ግን እንደወትሮው ሰማያዊ አይደለም። ቢጫ፣ ረጅም፣ ምላሱን አውጥቶ የሚልስ እሳት ነው። ፈዝዤ አየሁት። እግሬ ከድቶኛል፣ መቀመጥ አምሮኛል፤ እንደውም ተቀምጫለሁ። ያኔ ከኋላዬ፣

«ጢኒጤ» አለኝ። «ጢኒጤ፣ ውጪ።»

ጢኒጤ የሚለኝ በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነበር። አባቴ። ገና ትንሽ ልጅ ሳለሁ ኮምቦልቻ ቀብረነዋል። ዞር አልኩ፤ ማንም የለም፤ ግድግዳውና የተወተፈው ሻርፕ ብቻ። ደረጃውን በእጄና በጉልበቴ ወጣሁት።

ከድጃን ነቀነቅኳት፤ አልነቃችም። ሕፃኗን አነሳሁ፤ አንገቷ እንደ ጨርቅ ተንጠለጠለ። ያ አላህ! አቀፍኳትና በባዶ እግሬ በሩን በርግጄ በረዶው ላይ ወጣሁ። አክስቴ ከወጥ ቤት ማማሰያ እንደያዙ እየተንገዳገዱ ተከተሉኝ። «አንቺ እብድ! ልጅቷን በብርድ ልትገያት ነው! ስጪኝ!» ሊነጥቁኝ ሲታገሉ፣ ብርዱ ፊቷን ሲነካት፣ ሂክማ አፏን ከፍታ አለቀሰች። እንደዚያ ያለ ጣፋጭ ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም። አክስቴ ቀጥ አሉ። ልጅቷን አዩ፣ ክፍት የቀረውን በር አዩ። «ከድጃ!» አሉ ብቻ።

ጎረቤታችን ጩኸታችንን ሰምታ እየሮጠች መጣች፤ ሕፃኗን ኮቷ ውስጥ አስገብታ ወደ ስልኳ ሮጠች። እኔና አክስቴ ትንፋሻችንን ይዘን ገባንና ከድጃን በጋቢዋ ጎትተን አወጣናት። አምቡላንሱ ሲደርስ አራሷ በረዶ ላይ ተኝታለች፤ አክስቴ የደረቡትን ልብስ ሁሉ አውልቀው አልብሰዋታል።

አራታችንም ተረፍን፣ አልሐምዱሊላህ። የጋዝ ሠራተኛው ሻርፑን ከቀዳዳው መዝዞ አሳየኝ። እሳትም አየር ይፈልጋል አለኝ፤ አየር ሲያጣ እምቢ ይላል፣ ይጠፋል፣ ቢበራም ሽታ የሌለው መርዝ ይተፋል። መርዙ ደግሞ ራስ ያሳምማል፣ የሌለ ሰው ያሳያል፣ የሌለ ድምፅ ያሰማል። በቃ፣ የእግር ኮቴውም፣ ሴትዮዋም፣ አባቴም ተፈቱ። ቀለለኝ፤ ትንሽም ከፋኝ።

የዚያን ዕለት ሆስፒታል የአክስቴ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ስለ ሻርፑ ነግሬያቸው አልቅሰው አልቅሰው ወጥቶላቸዋል። ከዚያ እጄን ያዙና፣ «ድምፁ አልተለወጠም አይደል?» አሉኝ።

«የማን፣ አክስቴ?»

«የወንድሜ ነዋ። ‹ጢኒጤ፣ ውጪ› ሲልሽ እኮ ወጥ ቤት ሆኜ ሰማሁት።»

እኔ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም ነበር። ለሐኪሙም፣ ለእህቴም። አክስቴ ከዚያ ወዲህ አላነሱትም፤ እኔም አልጠየቅኳቸው፤ አሁን እሳቸውም የሉም። ምናልባት በዚያ ድንዛዜ እኔው ጮክ ብዬ ብዬው ይሆናል። እንዲህ እያልኩ ነው የኖርኩት።

ባለፈው ሳምንት እንግዶቹ ሲሄዱ ይህን ሁሉ ለሂክማ ነገርኳት። አራስ ብቻዋን አትተውምና እዚያው ቀረሁ። ልጇን አቅፋ በስዊድንኛ፣ «ጋዙ ነው እኮ፣ ሞስተር» አለች። «ጋዙ ነው» አልኩ። እሷም ልጇም ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳቸው። እኔ ከአየር ማስገቢያዋ ሥር ሻርፔን ተከናንቤ ተቀመጥኩ፤ ብርዱ ማጅራቴን ይቆነጥጠኛል፣ ግን አልደፈንኳትም። የሁለቱን ትንፋሽ እየሰማሁ ጆሮዬን አቁሜ ቆየሁ። ማንም አልጠራኝም። አልሐምዱሊላህ፣ ማንም አልጠራኝም።