የምሕረቱ ኩላሊት

ሐበሾች በሚነግዱበት የደቡብ አፍሪካ ሰፈር፣ ጀፕ ውስጥ ምሕረቱን የማያውቅ የለም። የእህቱ የአሰፋሽ ብርድ ልብስ መሸጫ በር ላይ ይቆምና ለመጣው ሁሉ በዙሉኛ “ሳዉቦና!” ይላል። ሰላምታውን ያልመለሰለትን ሰው እስኪመልስ ድረስ ይከተለዋል። ዳውን ሲንድረም አለበት፤ ሠላሳውን ከተሻገረ ቆይቷል። ያጠፈው ብርድ ልብስ ጠርዝ ለጠርዝ ካልገጠመለት ፈትቶ እንደገና ያጥፈዋል።

ኩላሊቶቹ ሥራ ካቆሙ ወዲህ በየሁለት ቀኑ እጥበት ላይ ይውላል። ከመርፌውም ከድካሙም የከበደው ውሃው ነው። ለቀኑ የተፈቀደለት አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ብቻ ናት። ሙቀት ሲበረታ ጉንጩ ላይ ለጥፏት ይቀመጣል እንጂ ክዳኗን አይነካም።

አሰፋሽ አንድ ኩላሊቷን ልትሰጠው ተመረመረች፤ ተስማማው። ሆስፒታሉ ግን፣ “መድኃኒቱ ዕድሜ ልክ፣ በየቀኑ፣ በሰዓቱ የሚወሰድ ነው። እሱ የሚችለው አይመስለንም” አለ። አለቀሰች፤ ተሟገተች፤ በመጨረሻ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ተፈቀደላት። “ማን እንደሚያግዘው እንድናውቅ ቤተሰብ ይዘሽ ነይ” አሏት።

ጀፕ ውስጥ “ሆስፒታል ቤተሰብ ጠራ” ከተባለ መርዶ ነው። በቀጠሮው ቀን ሰው ሱቁን እየዘጋ፣ ሴቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ በታክሲ ተጭኖ መጣ። ኮሪደሩ በለቀስተኛ ተሞላ።

“ማንም አልሞተም! ቁጭ በሉ!” እያለ ምሕረቱ ወንበር ሲያድል ቆይቶ ወደ ውስጥ ተጠራ።

ሐኪሟ የምታየው አሰፋሽን ብቻ ነበር። “መድኃኒቱ ቢሰለቸውስ?”

“እኔን ጠይቂኝ” አለ ምሕረቱ በእንግሊዝኛ። “የሚገባው እኔ ሆድ ውስጥ ነው።”

ሐኪሟ ወንበሯን አዞረች። “ልክ ነህ። አንተ ቢሰለችህስ?”

ምሕረቱ የግድግዳውን ሰዓት አየና ብድግ አለ። “ቆይ” ብሎ በሩን በረገደው። አሰፋሽ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች።

“ጋሼ ለገሠ! መድኃኒት!”

ጋሼ ለገሠ ከጎናቸው ጫማ የሚሸጡት ጎረቤታቸው ናቸው፤ ደም ብዛት አለባቸው። ኪሳቸውን ዳበሱ። “ኧረ ረሳሁት፤ በለቅሶው መሐል…”

“ለቅሶ የለም አልኩዎት!” ምሕረቱ ከሸሚዙ ኪስ በላስቲክ የተጠቀለለ ኪኒን አወጣ። እስኪውጡት ድረስ ፊታቸው ተገትሮ ጠበቀ።

“ተመልከቱልኝ” አሉ ጋሼ ለገሠ ወደ ሐኪሟ ዞረው። “ደንበኛ ይዤ እንኳ አይምረኝም! ሚስቴ ተስፋ ቆርጣ የተወችውን ሥራ እሱ ይዞታል።” አሰፋሽ በሳቅና በእንባ መሐል ተረጎመች።

ምሕረቱ ተመልሶ ተቀመጠ። “ይሰለቸኛል” አለ። “እሳቸውንም ይሰለቻቸዋል። ግን ይውጣሉ።”

ሐኪሟ ሳቋን ልትይዝ ሞክራ አቃታት። ከዚያ ቀን በኋላ ጥያቄዋን ሁሉ የምትጠይቀው እሱን ሆነ። ፈቃዱ የመጣ ዕለት የደወለችውም ለእሱ ነው።

ቀዶ ጥገናው በተደረገ ማግስት ምሕረቱ ሲነቃ ዙሉዋ ነርስ ከአልጋው ሥር ጎንበስ ብላ ነበር። ከአልጋው የተንጠለጠለውን የሽንት ከረጢት ከፍ አድርጋ አሳየችው፤ ሞልቷል። ኩላሊቱ ሠርቷል! ነርሷ እንደ አገሯ ልማድ እልልታዋን አቀለጠችው። ይኼኔ ከግድግዳው ወዲያ አሰፋሽ ቁስሏን በእጇ ደግፋ መለሰችላት፤ እልል፣ እልል፣ እልል።

“ሳዉቦና፣ ምሕረቱ” አለች ሐኪሟ ስትገባ። “ከዛሬ ጀምሮ ውሃ ትጠጣለህ። በደንብ።”

የቀረበለትን ብርጭቆ በሁለት እጁ ያዘ። መጀመሪያ ጉንጩ ላይ ለጠፈው፤ ከዚያ አንዴም ሳይተነፍስ ጨለጠው። አፉን ጠረገና ብርጭቆውን መልሶ ዘረጋ።

“ጨምሩ።”