የካዛንቺሱ ባዶ ቤት ደጃፍ

ነገሩ የሆነው የካዛንቺስ ቤቶች እየፈረሱ በነበረበት ሰሞን ነው።

እኔ አስጎብኚ ነኝ። ጃፓንኛ ስለምችል ከጃፓን የሚመጡትን እንግዶች የማስጎበኘው እኔ ነኝ። ያን ቀን የያዝኳቸው ሸምገል ያሉ ፎቶግራፍ አንሺ ነበሩ። ሙዚየም ብላቸው አላማራቸውም፤ ባዶ ቤት አሳየኝ አሉኝ። በአገራቸው ሰው የለቀቀው ቤት ስለበዛ ስሙም በዝቷል። «አኪያ» ነዋሪ ያጣ ቤት ነው፤ ባለቤት ግን አለው። «ሃይክዮ» ደግሞ ሁሉም የተወው ፍርስራሽ ነው። ይህን እየነገሩኝ ጣሪያው የተነሳ፣ በሩ የተነቀለ ቤት ፊት ደረስን።

«ይሄኛውስ?» አሉኝ።

«ሃይክዮ» አልኳቸው ሳላመነታ።

ወዲያው ጥቁር የለበሰች ሴት መጥረጊያ ይዛ ከውስጥ ብቅ አለች። ደነገጥኩ።

«እህቴ፣ ምነው? እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«አባዬ አርፈውብኝ ነው» አለች።

ቤቱን የሠሩት አባቷ ናቸው። ከዚህ ተነሥተው የገቡበትን ኮንዶሚኒየም አንድ ቀን እንኳ «ቤቴ» ሳይሉት ሞቱ። ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትወስዱኝ መጀመሪያ ደጃፌ ላይ አሳርፉኝ ብለው ተናዝዘው ነበር። በየሰፈሩ የተበተነው የድሮ ዕድርተኛም እዚያው ሊቀበላቸው ተስማምቷል።

«አሁን ይደርሳሉ፤ ደጁን ልጥረግ ብዬ ቀድሜ መጣሁ» አለችኝና ደፉን ጠራርጋ ጓዳውን ልትጠርግ ተመልሳ ገባች።

በዚህ መሀል አንድ መኪና ቆመ። ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ ያደረገ ሰው ወርዶ በቀጥታ ወደ በሩ ሄደና አሁን የተጠረገው ደፍ ላይ ሽንቱን ለቀቀው።

«ሰውዬ! ነውር ነው፣ ሰው አለ እኮ!» ብዬ ጮህኩ።

ዘወር እንኳ አላለም። «የምን ሰው? ባዶ ቤት አይደል እንዴ! ሊፈርስ ነው በቃ» አለኝ። ሲጨርስ ጫማው እንዳይነካ ተጠንቅቆ ተራምዶ መኪናውን አስነሥቶ ሄደ።

ሴትዮዋ ወጥታ ሽንቱን አየችው። መጥረጊያዋን እንደያዘች ደፉን ብቻ ታያለች። አንጀቴን በላችው። እንግዳዬ የሚጠጡትን ውኃ እንዳለ ደፉበት፤ እኔም የእኔን ጨመርኩ። ሽታው ግን አልለቀቀም።

አስከሬኑ ደረሰ። ሳጥኑን አውርደው እዚያው እርጥቡ ደፍ ላይ አሳረፉት። ለቀስተኛው እያለቀሰ ነጠላውን ወደ አፍንጫው ሲወስድ አየሁ። ልጃቸውም አየች። አንገቷን ደፋች።

ስንመለስ እንግዳዬ «አኪያ ነበር» አሉኝ። ቀጥለውም «እንዲህ ያለውን ሰው በእናንተ ቋንቋ ምን ትሉታላችሁ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ባለጌ» አልኳቸው።

ምላሳቸው እስኪለምደው ድረስ ደጋግመው አሉት። ያን ሰውዬ ባሰብኩ ቁጥር ግን ቃሉ ያንስብኛል።