መዝሙሩ ከፍ ሲል

ሌንሳ የጻፈችውን ቴአትር በምታለማምድባት የለቡ አዳራሽ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ አለች። ፀሐይ በጠናበት ቀን እንኳ የሹራቧን እጅጌ አትሰበስብም፤ መወልወያውን ስትጨምቅ እጅጌው ይረጥባል እንጂ ክንዷ አይታይም። ከጋዋኗ ኪስ፣ ከሞባይሏ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ መዝሙር ይሰማል። ስሟን የጠየቃት የለም፤ ስለ ሴቶች በደል የምትጽፈው ሌንሳም ብትሆን አልጠየቀቻትም።

ዛሬ ባል ሚስቱን የሚደበድብበት ትዕይንት ነበር። ተዋናይቷ አዳራሹ እስኪናወጥ ጮኸች፤ በድርሰቱ መሠረት ጎረቤት ደረሰላት። ሴትዮዋ መወልወያዋን ተደግፋ ስታይ ቆየችና፣

«እንዲህ አትጮህም፣ እህቴ» አለች። «ልጆች አሉ። ጎረቤትም ይሰማል።»

«ታዲያ ምን ታደርጋለች፣ እትዬ?» አለች ሌንሳ።

«መዝሙሩን ከፍ ታደርጋለች።»

ባል ሆኖ የሚጫወተው ልጅ ሳቀ። ሌንሳ አልሳቀችም። እስክሪብቶ አንስታ ጩኸቱንም፣ የሚደርሱትን ጎረቤቶችም ሰረዘች።

«እንደገና» አለች።

ባልየው እጁን አነሳ። ተዋናይቷ አፏን በመዳፏ አፈነች። ያኔ ከኋላ፣ ማንም ሳያዛት፣ የሴትዮዋ እጅ ወደ ኪሷ ገባና መዝሙሩ ከፍ አለ።